መቶ ዘጠና ቤት፣ አንድ በር

ወፍጮ ሰፈር ውስጥ በቅሎ በሳምንት አንድ ጊዜ ትመጣለች። የትኛው ቀን እንደሆነ አይነገርም፤ ሰዓቱም አይነገርም። ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ባለው ጊዜ ስድስት ጎማዋ ኮረኮንቹ ላይ እየተንገጫገጨ ትመጣና እትዬ ሶልያና በር ላይ ትቆማለች። አራት ደቂቃ ትጠብቃለች። በሩ ተከፍቶ የእትዬ ሶልያናን ፊት ካየች ሆዷን ትከፍታለች። ካላየች የጫነችውን እንደጫነች ትመለሳለች።

ሰው የማይነዳትን ይህችን የዕቃ ማድረሻ በቅሎ ያልናት እኛ ነን። ዕቃ አድራሹ ድርጅት፣ አድራሽ የሚባለው፣ እሷን የሚጠራበት ሌላ ስም አለው፤ ማንም አያስታውሰውም። በቅሎ ያሰኛት መጫኗ ብቻ አይደለም። ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ ብታባብላት ከአራት ደቂቃዋ ፈቀቅ አትልም።

ለቡ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ግን በቀን አስራ አራት ጊዜ ትመጣለች፤ ያውም ለአንድ ቤት። ይህን የነገረችኝ እዚያ የምትኖረው የእትዬ ሶልያና ልጅ አምሳለ ናት። እዚያ አንድ ሰው ሎሚ ቢያምረው አንድ ሎሚ ያዛል፤ አንዷን ሎሚ ይዛ አንዲት በቅሎ ትመጣለች። በር ላይ የተከመረው ካርቶን መራመጃ አሳጣን ብለው ያማርራሉ። እኛ ጋ ካርቶን ከተገኘ ልጅ ይተኛበታል።

በዚህ ላይ መንገዳቸው በእኛ በኩል ነው። ከሰፈራችን ግርጌ ባለው አስፋልት ላይ ወደ ለቡና ከለቡ ማዶ የሚሄዱ በቅሎዎች ቀኑን ሙሉ ይጎርፋሉ። አንድ እሑድ ተቀምጬ ቆጥሬያለሁ፤ በአንድ ሰዓት መቶ አርባ። ከእነዚህ አንዷን ማስቆም ማንም አያስብም። ከእኛ በላይ ያለው ሰፈር አንዷን ገልብጦ ነበር። ሆዷን መክፈት አልቻሉም፤ አድራሽ ግን ለአንድ ዓመት ሰፈሩን አስተኛው። ማስተኛት ማለት በቅሎ መላክ ማቆም ነው። ያ ሰፈር አሁን ቤቱ አለ እንጂ ሰው የለበትም።

እኔ ኢዩኤል እባላለሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የሰፈሩ የመጨረሻ ሱቅ የእኔ ነበር። በ2069 ዘጋሁት፤ የዘጋሁት አከፋፋይ ጠፍቶ ነው። አከፋፋዮቹ በሙሉ ለአድራሽ ብቻ ማቅረብ ጀመሩ። አሁን ሳሙና ብትፈልግ አድራሽ፣ ሚስማር ብትፈልግ አድራሽ ነው። ሐኪም ቤት ብትሄድም ሐኪሙ መድኃኒቱን በአድራሽ ልኮልሃል፤ ቤትህ ገብተህ ጠብቅ ይልሃል። «ከዘመድ አታስመጡም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሞክረነዋል። ዕቃው የት እንደሚያድር ያውቃሉ፤ ከለቡ የታዘዘ ዕቃ ሁለት ሦስት ጊዜ እኛ ጋ ካደረ የዘመድህ ቤት አድራሽ ዘንድ ያለው ደረጃ ይወርዳል፤ ደረጃ ሲወርድ የበቅሎ ምልልስ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ዘመድም ፊቱን ያጠቁርብሃል።

ይህን ነገር መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ የእኔ ነበርና።

በ2071 መጀመሪያ ላይ በቅሎ እኛም ጋ በቀን ሁለት ጊዜ ትመጣ ነበር፤ በየቤቱም ትቆም ነበር። ችግሩ እኛ ቤት አንገኝም። ሰዉ ሥራ ይውላል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የታመመ ይጠይቃል። በሩ ተዘግቶ ከተገኘ ዕቃው ይመለሳል፤ ዕቃ በተመለሰ ቁጥር የሰፈሩ ደረጃ ይወርዳል። ነገሩ እድር ስብሰባ ላይ ተነሣ፤ እኔም እጄን አወጣሁ።

«እትዬ ሶልያና ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከቤት አይወጡም» አልኩ። «የምንፈልገውን ለእሳቸው እንንገር። በእሳቸው ስም ይታዘዝ፣ በእሳቸው በር ይግባ፣ ከዚያ እየሄድን እንውሰድ። የገንዘቡ ነገር በእድሩ ያልቃል። አደራ የማይበሉ ሴት ናቸው።»

ተጨበጨበልኝ። እትዬ ሶልያናም «እናንተ ካመናችሁኝ ምን ቸገረኝ» አሉ። ድሮም የምንኖረው እንደዚያ ነው፤ ቁልፍ ጎረቤት ጋ ይቀመጣል፣ ልጅ ጎረቤት ጋ ይውላል። በአንድ በር መቀበል ለእኛ ብልሃት እንኳ አይባልም።

ስድስት ወር ሙሉ አንድም ዕቃ አልተመለሰም። እኛ ደስ አለን። አድራሽ ግን ያየው ሌላ ነው። መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ቤት መግዛት አቁሟል፤ የቀረችው አንዲት ሴት ናት። ይህች ሴት በዓመት ሦስት መቶ ጥንድ የልጅ ጫማ ትጨርሳለች። የስኳርም፣ የደም ግፊትም፣ የአስምም መድኃኒት ትወስዳለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ የእርግዝና መከላከያና የጢም መላጫ ታዛለች። አድራሽ ምንም አልገረመውም። አንዲት ሴት የቱንም ያህል ብትገዛ በሳምንት አንዴ ይበቃታል ብሎ ወሰነ፣ አለቀ። በልደታቸው ቀን የመልካም ምኞት መልእክት ላከላቸው፤ ከመልእክቱ ሥር የልጅ ጫማ ማስታወቂያ ነበር። እትዬ ሶልያና ያን ቀን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያኔ ገና ይሳቅ ነበር።

ተቀባይ ይለወጥልን ብለን አመለከትን። መልሱ ፈጣንና ትሑት ነበር። ተቀባይን መለወጥ ይቻላል፤ አዲሱ ፊት እስኪታመን ግን ዘጠና ቀን ምንም አይላክም። አዲሱ ፊት ቀድሞውኑ በአድራሽ ዘንድ የታወቀ ከሆነ መጠበቅ አያስፈልግም። ከእኛ መካከል ግን እንዲህ ያለ ፊት የቀረው ሰው አልነበረም፤ በየስማችን መግዛት ካቆምን ወዲህ ሁላችንም ከመዝገቡ ወጥተናል። ዘጠና ቀን ያለ ኢንሱሊንና ያለ ዱቄት መኖር ደግሞ የሚሞከር ነገር አይደለም።

እንዲህ ሆኖ እትዬ ሶልያና ከግቢያቸው ሳይወጡ ሦስት ዓመት ሞላቸው። ስፌት መኪናቸውን ከበሩ አጠገብ አደረጉት። ሽንት ቤት ሲሄዱ ጎረቤት በር ላይ ይቆማል፤ በቅሎ ብቅ ካለች ይጣራል። ቅዳሴ በስልክ ይሰማሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የወጡት አንድ ጊዜ ነው፤ ወንድማቸው ሞቶ ለቀብር። ሁለት ሰዓት ነው የቆዩት። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ በቅሎ መጣች፣ አራት ደቂቃዋን ቆመች፣ ሄደች። ቀጥላ የመጣችው በሃያ አንደኛው ቀን ነው። በአስራ ስድስተኛው ቀን የጎረቤታችን የአቶ ያብስራ ሚስት ኢንሱሊን አልቆባት፣ ስኳሯ ተነሥቶባት ሞተች።

እትዬ ሶልያናን ማንም አልወቀሰም። አለመውቀሳችንን ለመንገር ሰፈሩ በሙሉ በየተራ ቤታቸው ሄደ። አቶ ያብስራም ከነሐዘኑ ሄዶ «በእርስዎ አልፈርድም» አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ሶልያና በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ርቀው አያውቁም።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት የሰፈሩን ትእዛዝ በስልካቸው ላይ እየጻፍኩ ነበር። ይህ ሥራ የእኔ ነው፤ የሱቅ አመል አይለቅም። እትዬ ሶልያና ክር እያስገቡ ነበር።

«ኢዩኤል፣ አምሳለ ወሯ ገብቷል» አሉኝ።

«እሰይ፣ ማርያም ትቅረባት።»

«ባሏ ለሥራ ሰመራ ነው ያለው። ብቻዋን ናት። ልጄ የመጀመሪያዋን ስትወልድ አጠገቧ ካልሆንኩ እኔ ምኑን እናት ሆንኩት?»

«ይሂዱ እንጂ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይሂዱ ማለት አያቅትም። ኢንሱሊኑን ማን ይቀበላል?»

ለእድሩ ነገርኩ። ተሰበሰብን፤ አንድም ሰው አይሂዱ አላለም። እንዲያውም «ሦስት ዓመት ታስረውልን፣ ይህማ ግፍ ነው» ተባለ። በማግሥቱ ግን ወይዘሮ ኖላዊት እትዬ ሶልያና ጋ ጎራ አለች። ይሂዱ፣ እኛ እንችላለን አለቻቸው። የልጇ የአስም መድኃኒት ስንት ቀን እንደቀረው የነገረቻቸው ልትወጣ ስትል ነው። አቶ ያብስራ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳይናገር ተቀምጦ ሄደ። እኔም ሄድኩ። የዓይን ግፊት አለብኝ፤ ጠብታው ለሁለት ሳምንት ከተቋረጠ ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አልለይም። «ይሂዱ፣ ለእኔ አያስቡ» አልኳቸው። ስሄድ ግን ባዶውን የጠብታ ጠርሙስ በእጄ ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት እሳቸውም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልተናገርኩ።

ከዚያ ያቺን ሐሳብ አመጣሁ። «አምሳለ ለምን እዚህ አትወልድም? የበኩር ልጅ በእናት ቤት ቢወለድ ወግ ነው» አልኳቸው። ሁለተኛውም ሐሳብ የእኔ ነበር ማለት ነው።

ፊታቸው ሲበራ አየሁት። ያን ጊዜ ጥሩ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያን ሰዓት ክፋት አልነበረብኝም እላለሁ።

አምሳለ አንድ ሻንጣ ይዛ መጣች። በሳምንቷ ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ወለደች። የሰፈሩ ሴቶች ገንፎውን በየተራ አገነፉላት። እትዬ ሶልያና ሕፃኑን ሲያጥቡ፣ ሲያሹ፣ ልጃቸውን ሲያበሉ፣ ወንበሩን የረሱት መሰለ። ዓይናቸው ግን በየደቂቃው ወደ በሩ ይመለስ ነበር።

ከወለደች በአራተኛው ቀን ይሆናል ብለን የፈራነው መጣ። እትዬ ሶልያና ክንዳቸው እስኪነከር ሕፃኑን እያጠቡ ነው። እኔ ጥግ ላይ ስልካቸውን ይዤ ተቀምጫለሁ። በቅሎ ከበሩ ቆመች። እትዬ ሶልያና «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ሕፃኑን የሚያስቀምጡበት ሲፈልጉ፣ አምሳለ ከአልጋዋ ተነሥታ ነጠላዋን ተከናንባ በሩን ከፈተች። ልማዷ ነው፤ ለቡ በቀን አስራ አራቴ የምታደርገው ነገር ነው።

በቅሎዋ አየቻት። ከዚያ ሆዷ ተከፈተ።

እትዬ ሶልያና እርጥብ ክንዳቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ተቀበለችሽ?» አሉ። «ምን ታደርገኛለች ታዲያ፣ እማ?» አለች አምሳለ እየሳቀች። ነገሩ ቀላል ነው። አምሳለ በአድራሽ ዘንድ የታወቀ ፊት ናት፤ በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ተቀብላለች፣ አንድም አስመልሳ አታውቅም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በእጄ ባለው ስልክ ላይ መልእክት ገባ። «የተቀባይ ለውጥ ተመዝግቧል። ተቃውሞ ካለዎት በሠላሳ ቀን ውስጥ ያሳውቁ። ካላሳወቁ ለውጡ ይጸናል፤ የቀድሞው ፊት ይሰረዛል፤ የአዲሱ ተቀባይ የቀድሞ መኖሪያ ይዘጋል።» ከሥሩ ሁለት ምርጫ ነበር። አንዱ «እቃወማለሁ» ይላል፤ ሌላው «አይቻለሁ» ይላል። ክፍሉ ውስጥ እናትና ልጅ በሕፃኑ ማስነጠስ እየሳቁ ነበር። «አይቻለሁ» የሚለውን ነካሁና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

በማግሥቱ በቅሎ መጣች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ መጣች። ሳምንቱ ሳያልቅ በቀን አምስት ጊዜ ሆነ። አምሳለ የለቡ ደረጃዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ ለቡ ራሷ ወደ እኛ ኮረኮንች ወረደች። ብርቱካን በላን። ልጆች በልካቸው ጫማ አደረጉ። የእኔ ጠብታ ሳያልቅ ሌላ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቴ ሆኜ የአስፋልቱን ማዶ ሰው ለየሁ። ወይዘሮ ኖላዊት መንገድ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። ሰፈሩ እንደ ታመመ ሰው ማገገም ጀመረ፤ እኔም ዝምታዬን በየቀኑ በአንድ ምክንያት እደግፈው ጀመር።

ትልቁ ምክንያቴ እትዬ ሶልያና ነበሩ። በአሥረኛው ቀን ነጠላ ጫማቸውን አድርገው እስከ አስፋልቱ ወረዱ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ዳር ላይ ቆመው ግራ ቀኝ አዩ።

«ያ ሕንፃ መቼ ተሠራ?» አሉኝ።

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«ያኛውስ?»

«እሱም።»

ነጠላ ጫማቸውን ቁልቁል አዩና፣ «ሰው ግን ሰው ነው። ይኼው፣ እግሬ አልረሳም» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የወንድማቸው መቃብር ደርሰው መጡ። ቅዳሴ ቆመው አስቀደሱ። ሲመለሱ ፊታቸው የሌላ ሴት ፊት ይመስል ነበር። ደስ አለኝ። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

አምሳለ ግን ከስታለች። በአምስተኛው ሳምንት በቅሎ በቀን አስራ አራት ጊዜ ትመጣ ነበር፤ ሁሉንም ጊዜ እሷ ናት የምትቀበለው። ሕፃኑን ከጡቷ ሳትነጥል በሩን ትከፍታለች፣ ፊቷን ታሳያለች፣ ትዘጋለች። ጋደም ስትል ይንኳኳል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ምስጋናውን ይዞ ይመጣል፣ ምስጋናውም ትእዛዝ አያጣውም።

«ጋሼ፣ ለቡ እያለሁ በር ስከፍት የምቀበለው የራሴን ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «ካልፈለግኩም አላዝም፣ አትመጣም። እዚህ ግን የሰው ሁሉ ሆድ በእኔ ዓይን ነው የሚከፈተው። እማ ይህን ሦስት ዓመት እንዴት ቻለችው?»

«አርባው ሲሞላ ትሄጃለሽ» አልኳት። የመቃወሚያው ሠላሳ ቀን ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

በአርባኛው ቀን ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። ሰፈሩ በሙሉ ነበረ። አምሳለ በማግሥቱ ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ከሰዓት በኋላ ባሏ ከለቡ ደወለ፤ ከሰመራ መመለሱ ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚበላ ነገር የለም፣ የሚያዘውን ሁሉ አድራሽ እንቢ ይለዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው ይለዋል። አምሳለ ስልኩን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የአድራሽን መልእክት የሚያነቡት። ይህ ነገር ምንድነው?»

መዋሸት እችል ነበር። የእትዬ ሶልያናን ስልክ አወጣሁና አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። አምሳለ ከሄደች፣ የእናቷ ፊት ተሰርዟልና፣ ለወፍጮ ሰፈር ተቀባይ የለም። አዲስ ፊት እስኪታመን ዘጠና ቀን ነው።

«መቼ ነው የመጣው?» አሉ እትዬ ሶልያና።

«በአራተኛው ቀን።»

«አንብበኸው ነበር?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ለእኔስ ለምን አላነበብክልኝም?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። የልጆቹ ጫማ ነበር፣ የአቶ ያብስራ ሚስት ነበረች፣ የእኔ ዓይን ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «ሲወጡ ሳይዎት ደስ አለኝ» አልኳቸው።

«ልጄን አስገብተህ ነዋ ያስወጣኸኝ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ስልኩን ከእጄ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

እድሩ ያንኑ ቀን ቁጭ አለ። ማንም አትሂድ አላለም። «ልጅቷ ባል አላት፣ ቤት አላት፣ ትሂድ» ተባለ። ወይዘሮ ኖላዊት እያለቀሰች «ትሂድ» አለች። አቶ ያብስራም «ትሂድ» አለ። እኔም «ትሂድ» አልኩ። ስንበታተን ሁላችንም ዘጠና ቀን በልባችን እየቆጠርን ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ታክሲ አስፋልቱ ዳር ቆመ። አምሳለ ሕፃኑን አዝላ፣ ሻንጣዋ በራፉ ላይ ሆኖ፣ እናቷን ስትሰናበት የጠዋቷ የመጀመሪያ በቅሎ ኮረኮንቹን ስትወጣ ታየች። አምሳለ ቆም አለች። እጇ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ ሊያደርግ ሲነሣ አየሁት፤ አስባ ያደረገችው አልመሰለኝም። እትዬ ሶልያናም አዩ። ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷት፣ በሩን ዘጉ፣ የብረቱን መቀርቀሪያ ወረወሩ።

«ዛሬ እዚህ ቤት ተቀባይ የለም» አሉ ከውስጥ።

በቅሎ ደርሳ ቆመች። ሰዉ ከየቤቱ ወጣ። የጮኸ አልነበረም፤ እኛ ሰው ደጅ ላይ አንጮህም። አንድ ደቂቃ እንዲሁ አለፈ። ታክሲው ከታች ጥሩንባውን ነፋ። ወይዘሮ ኖላዊት አስም ያለባትን ልጇን እጇን ይዛ ከበሩ ፊት ለፊት ቆመች። ልጅቷን ያመጣቻት ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በሩን መጀመሪያ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

«እትዬ ሶልያና» አልኩ፤ «የዛሬውን ብቻ። ኢንሱሊን አለበት።»

አቶ ያብስራ ቀጥሎ አንኳኳ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ለቅሶ ቤት እንደሚንኳኳ፣ በጣት ጫፍ፣ በቀስታ ነበር። ሕፃኑ ውስጥ አለቀሰ። በሩ ስስ ነው፤ የሚነጋገሩት ይሰማናል።

«እጅሽን ከመቀርቀሪያው አንሺ» አሉ እትዬ ሶልያና።

«እማ፣ እየሰማኋቸው እኮ ነው።»

«እኔም ሦስት ዓመት ሰምቻቸዋለሁ። አንሺ ብዬሻለሁ። ካሁን በኋላ የከፈትሽ እንደሆነ አትወጪም።»

«ልጅ ይዘው ቆመዋል። እንዴት አድርጌ በመካከላቸው አልፌ እሄዳለሁ?»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ታልፊያለሽ። እኔ እይዝሻለሁ። ልጄ፣ ስሚኝ፣ እኔ እይዝሻለሁ።»

ማንኳኳቱን አላቆምንም። ሦስተኛው ደቂቃ ሞላ። ይህን ስጽፍ እጄን ያኔ ባወርደው ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ እኔ ባቆም ሌሎቹም ያቆሙ ነበር፣ የጀመርኩት እኔ ነኝና። አላወረድኩም።

መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማን። አምሳለ ሕፃኑን እንዳዘለች ወጣች። ወደ እኛ አላየችም። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፣ አንገቷን ወደ በቅሎዋ ቀና አደረገች፣ ቆመች። የበቅሎዋ ሆድ ተከፈተ። ሰዉ በየተራ የየራሱን ወሰደ፤ እያንዳንዱም «እግዜር ይስጥልን» እያለ፣ ጎንበስ እያለ ነበር። እኔም የእኔን ወሰድኩ፣ እኔም እንደዚያው አልኩ። ታክሲው ትንሽ ቆይቶ ሄደ። ወይዘሮ ኖላዊት ሻንጣውን አንሥታ ወደ ውስጥ አስገባችላት።

እትዬ ሶልያና ያኔ ወጡ። ነጠላ አልደረቡም። በመካከላችን ሲያልፉ መንገድ ለቀቅንላቸው። ኮረኮንቹን ወርደው፣ አስፋልቱን ተሻግረው፣ ወደ ለቡ የሚጎርፉትን በቅሎዎች ተከትለው ቁልቁል ሄዱ። አምሳለ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስንቀበል ዋልን። ጀምበር እስክትጠልቅ እናቷ የት ዋሉ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።